የመጀመሪያው ዓመት ስሪት

የወይዘሪት ጽጌን መሞት የሰማሁት ኡራኤል አካባቢ ጎማ ላስጠግን ቆሜ ነው። ጎሚስታው ጎማዬን ውኃ ውስጥ እየነከረ አየር የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋል። አጠገቡ በርጩማ ላይ ለተቀመጠው ጓደኛው፣ «ያቺ ዝቅ ያለች ቀይ መኪና የነበረቻት ሴትዮ ሞተች አሉ» አለው።

«የቷ?»

በእርጥብ እጁ ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ ለካለት። «እንዲህ የምታክለዋ። ከሩቅ ስትመጣ የምትሰማው።»

«እ! እሷ! መኪናዋስ የት ደረሰች?»

ከዚያ ወሬው ስለ መኪናዋ ሆነ። ስለ ሴትዮዋ የጠየቀ አልነበረም፤ ስማቸውንም የሚያውቅ ያለ አልመሰለኝም። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። የጎማው ሥራ ሲያልቅ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና ሞተሩን ሳላስነሳ ብዙ ተቀመጥኩ። ቀብራቸው አልፎ ነበር።

ጽጌረዳ ነበር ስማቸው። ካዛንቺስ ውስጥ በነበረ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አብረን ሠርተናል። እኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ስቀጠር እሳቸው የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ነበሩ፤ ሥራ አስኪያጅ በሥራ አስኪያጅ ሲተካ እሳቸው እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ናቸው። ቀጥ ያሉ፣ ረጅም፣ ጫማቸው በክረምት እንኳ ጭቃ የማይነካው ሴት ነበሩ። ጥያቄ ሲጠየቁ መጀመሪያ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ እፍ ይሉበታል፣ በሻርፓቸው ጫፍ ይጠርጉታል። መልሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ንግግራቸውን ካቋረጠ ደግሞ «ይቅርታ፣ አልጨረስኩም» ይላሉ። ለሥራ አስኪያጁም ለጽዳት ሠራተኛዋም በአንድ ድምፅ ነው የሚሏት።

ምሳ ሰዓት ላይ ከማንም ጋር ወጥተው አያውቁም። ቤታቸው ቅርብ ስለነበር እየተጣደፉ ይሄዱና አልጋ ላይ የዋሉትን እናታቸውን አብልተው፣ አገላብጠው፣ በሰዓቱ ይመለሳሉ። እናትየው ስንት ዓመት እንደተኙ የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም። ንጉሤ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራቸው፤ መርካቶ ሱቅ ያለው፣ ባለትዳር፣ የልጆች አባት። እናቱን ለማየት የሚመጣው በዓመት በዓል ነበር።

እናትየው ሲሞቱ ቢሮው በሙሉ ለቅሶ ደረስን። ወይዘሪት ጽጌ ሥራ የገቡ ዕለት ምሳ ሰዓት ሲሆን ቦርሳቸውን አንስተው እስከ በሩ ሄዱ። በሩን እንደያዙ ቆሙ። ተመልሰው ተቀመጡና ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሰዓቱ እስኪያልቅ እንዲያው ቆዩ። እኔ ፊት ለፊት ካለው ጠረጴዛ ሳንቡሳዬን ይዤ ነበር፤ መብላቱም አለመብላቱም አሳፈረኝ።

ክረምቱ እንዳለፈ አንድ ቀን ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥተው ቆሙ።

«ዳንኤል፣ ስለ መኪና ታውቃለህ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ይበቃል። ቅዳሜ አብረኸኝ ና። ሴት ብቻዋን ስትሄድ ግድግዳውን እያዩ ነው የሚያወሯት።»

አሮጌ የጃፓን መኪና ሊገዙ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግን የወሰዱኝ ከቤታቸው ብዙም ወደማይርቅ የድሮ ቪላ ነው። ቤቱ የአንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ነበር። ሰውየው ሞቶ ሚስቱ ብቻቸውን ቀርተዋል፤ ሐበሻ ናቸው፣ ሰፈሩ ግን ማዳም ይላቸዋል። ከስታዲየም አካባቢ ሙሉጌታ የሚባል መካኒክ ይዘን ነበር። ማዳም ከጓሮ ያለውን ጋራዥ አስከፈቱልንና ሙሉጌታ ሸራውን ገፈፈው።

እንዲህ ያለ መኪና በመጽሔት እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የጣልያን የስፖርት መኪና ናት። ቁመቷ ወገቤ ድረስ ቢሆን ነው፤ ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ሞተሯ ከወንበሮቹ ኋላ። የፊት መብራቶቿ ኮፈኑ ውስጥ ተደብቀው ሲበሩ ብቻ ብቅ ይላሉ። ቀይ ቀለሟ አንድ ጎኗ ላይ ደብዝዞ የጡብ መልክ ይዟል። ወይዘሪት ጽጌ ዞሯት፤ አንዴም አልነኳትም። እጃቸውን ከኋላቸው አቆላልፈው፣ የሰው ቤት ገብቶ ዕቃ እንደሚያይ ጨዋ ልጅ ነበር አዟዟራቸው።

«እሑድ እሑድ ጠዋት እናቴን ሳጥባት ይቺ በመስኮታችን ሥር ታልፍ ነበር» አሉኝ ቀስ ብለው። «እናቴ ‹ሰውየው ወጣ› ትላለች። ስትመለስ ደግሞ ‹ገባ› ትላለች። የት ደርሳ እንደምትመጣ ሁልጊዜ አስብ ነበር።»

ሙሉጌታ ከሥር ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ፊቱን አኮማተረ።

«እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ይቺ የመጀመሪያው ዓመት ስሪት ናት። ማለቴ፣ ሞዴሉ ሲጀመር የወጣችው። ብዙ ነገሯ ገና አልተስተካከለም። ፍሪሲዮኗ ለወንድም ይከብዳል። ቆማ መሪዋ አይዞርም። ሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ እስኪሞቅ በጄ አይልም። ዕቃ እንደሆነ የለም፣ በቃ። ከዓመታት በኋላ የወጡት ይሄ ሁሉ ተስተካክሎላቸዋል። ከፈለጉ እነሱን ያፈላልጉ፤ ካልሆነ እንደ ሰው የቤት መኪና ይግዙ።»

ወይዘሪት ጽጌ መነጽራቸውን አወለቁ፣ እፍ አሉ፣ ጠረጉ።

«በመጀመሪያው ዓመት ሰዎቹ የፈለጉትን ነው የሠሩት» አሉ። «ከዚያ ሰው ሲያማርር ሰምተው አስተካከሉት።»

«እኮ! ስለዚህ...»

«ይቅርታ፣ አልጨረስኩም። እኔ ያልተስተካከለችውን ነው የምፈልገው።»

ማዳም ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ፊታቸው ላይ እንዳለ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ዋጋውን በጨዋነት ጨረሱና ቁልፉን ሲሰጡ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ መኪናዋ የምትነሳ ዕለት አስቀድሞ እንዲነገራቸውና ወደ እህታቸው ቤት እንዲሄዱ። ድምፁን መስማት አልፈለጉም።

በዚያን ቀን ግን አልተነሳችም። ሙሉጌታ በገመድ ከፒካፑ ጋር አስሮ ጎተታት። መሪው ላይ ማን እንደሚቀመጥ ስንነጋገር ወይዘሪት ጽጌ በሩን ከፍተው ገቡ። ነጠላቸው በሩ ላይ ተያዘና መልሰው ከፍተው ሰበሰቡት።

«መንጃ ፈቃድ አለዎት?» አልኳቸው በመስኮቱ ጎንበስ ብዬ።

ከቦርሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። በወጣትነታቸው የወጣ ነው። መኪና ሳይኖራቸው፣ የሚኖራቸውም ሳይመስላቸው፣ ሲያሳድሱት ኖረዋል።

ሙሉጌታ በወራት ሥራ አስነሳት። ከዚያ በፊት ግን ንጉሤ መጣ። ያን ዕለት ግቢያቸው ውስጥ መስታወቷን እያጠብን ነበር። እህቱ የቆጠቡትን ገንዘብ ሱቁን እንዲያስፋፋበት ይሰጡኛል ብሎ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ መግባት አቃተው።

«ይሄ ምንድነው?»

«መኪና ነው» አሉ ጨርቁን ሳያስቀምጡ።

«ሁለት ወንበር ያላት! ልጆቼን የት ልታስቀምጫቸው ነው?»

«ንጉሤ፣ እማማ በተኛችበት ዘመን ሁሉ ልጆችህን ይዘህ መጥተህ ታውቃለህ?»

«እሱን ተይው! ሰው ምን ይላል? ካዛንቺስ በሙሉ አበደች እያለሽ ነው!»

«ይበል።»

ቆሞ ቆሞ ሄደ። ወይዘሪት ጽጌ መስታወቱን ያንኑ ቦታ ደጋግመው ይጠርጉ ነበር። ወንድማቸው ከዚያ በኋላ ያን በር አልረገጠም።

ቢሮ ውስጥም ወሬው አላረፈም። «ወንድ ይዛ ነው» ያሉ ነበሩ። «ይህቺ ዕድሜዋን ልታስመልስ ነው» ያሉም ነበሩ። አንዷ ደፍራ ፊት ለፊት ጠየቀቻቸው። «ወይዘሪት ጽጌ፣ ምን ነካዎት?»

«ዕድሜዬን በሙሉ ቁጭ ብያለሁ» አሏት። «አሁን እየሄድኩ ልቀመጥ።»

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይወጣሉ። ሩቅ አይሄዱም። ከካዛንቺስ ኡራኤል፣ ከኡራኤል በመስቀል አደባባይ አድርገው ስታዲየም፣ ከዚያ መመለስ። የአስፋልቱን ጉድጓድ ሁሉ በየቦታው ያውቁታል፤ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲደርሱ መኪናዋን በሰያፍ አንድ አንድ ጎማ እያስወጡ ያሳልፏታል። ስታዲየም አካባቢ አንድ ካፌ ፊት ለፊት ያቆሙና ማኪያቶ ያዛሉ። አስተናጋጁ ብርጭቆውን ለማቀበል እስከ ጉልበቱ ጎንበስ ማለት ነበረበት። ሰው ዙሪያቸውን ይከባል። ስንት እንደምትሮጥ፣ ስንት ነዳጅ እንደምትጠጣ፣ ብትሸጥ ስንት እንደምታወጣ ይጠይቃል። ሁሉንም በትዕግሥት ይመልሳሉ። ጥያቄው ሲያልቅ ሰዉ ይበተናል፣ እሳቸው ማኪያቶአቸውን ይጨርሳሉ። አንዳንድ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ውስጥ «ትናንት ብዙ ሰው አነጋገረኝ» ይሉኝ ነበር። የተናገሩትን ስጠይቃቸው ግን ስለ ነዳጁ ነው።

የጎረቤታቸው ልጅ ሰናይት ስታገባ ያ ሁሉ ሰው የሚያያት መኪና ለሙሽራዋ ተፈለገች። እናቷና አንዲት አክስቷ ሽማግሌ እንደሚልኩ ሰዎች ተዘጋጅተው መጡ።

«ለሙሽሮቹ ብትሰጭን ብለን ነው እህቴ። ጎበዝ ሾፌር አለን።»

«መኪናዋን የምነዳት እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሪት ጽጌ።

«ታዲያ ሙሽራው የት ይቀመጣል?»

«በሌላ መኪና ይከተለን። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አስረክበዋለሁ።»

ሴቶቹ ተያዩ። ምን ይደረግ፣ መኪናዋን ፈልገዋል። እናም በሠርጉ ቀን ከሰፈሩ እስከ ኡራኤል ድረስ ሙሽራይቱ ቬሎዋን ጭኗ ላይ ከምራ ከወይዘሪት ጽጌ ጎን ተቀመጠች፤ ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ጥሩንባ እያስነፋ ከኋላ ይከተላል። ወይዘሪት ጽጌ በፀጉር ቤት የተሠራ ፀጉር ነበራቸው፤ የለበሱትን ክሬም ቀለም ያለው ልብስ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁባቸውም። ካዛንቺስ ላይ ሰው ከየሱቁ ወጥቶ አጨበጨበ።

እኔን መኪናዋን እንድጠብቅ ለምነውኝ ስለነበር በሌላ መኪና ተከትዬ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ የሠርጉ ድንኳን ዘንድ ስንደርስ አንድ አስተናጋጅ በሩ ላይ ተቀበለን።

«የማን ወገን ናችሁ?»

«መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ» አሉት ፈገግ ብለው።

«እሺ፣ ሾፌሮች በዚህ በኩል።»

ከድንኳኑ ጀርባ ለሾፌሮችና ለካሜራ ሠራተኞች የተዘረጋ ጠረጴዛ ነበር። ልናገር ስል ክንዴን ያዙኝ። ሄደን ተቀመጥን። ሾፌሮቹ ደንግጠው ተነሡ፤ ቦታ ለቀቁላቸው፤ ቶሎ ለመዷቸውና ስለ ፍሪሲዮንና ስለ ካንዴላ ወሬው ደራ። ከድንኳኑ ውስጥ ዘፈኑና እልልታው ይሰማል። ኬክ ሲቆረስ ያጨበጨብነው ድምፁን ሰምተን ነው።

ስንመለስ ነድተው ነድተው፣ «ሾፌሮቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው» አሉ።

«ሰናይት ብታውቅ...»

«ይቅርታ፣ አልጨረስኩም። ስንሄድ ሰናይት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ‹እትዬ ጽጌ፣ እርስዎ ለምን አላገቡም?› አለችኝ። ቀይ መብራት ይዞን ነበር። አረንጓዴ በራና ሳልመልስላት ቀረሁ።»

መንገዱን እያዩ ማርሽ ቀየሩ።

«አንድ ሰው ነበር። እናቴ ስትተኛ ‹እጠብቅሻለሁ› አለኝ። አልጠበቀም አልልም፤ ጠብቋል። ደብረ ዘይት ነበር ሥራው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣና ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥተን እንቀመጣለን። እናቴ ስትጣራ እገባለሁ፣ ስመለስ ቁጭ ብሎ ነው። በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ሆነ። በኋላ ደግሞ በበዓል። አንድ ቀን ወንበሩን አውጥቼ ጠበቅኩትና አልመጣም። አልተቀየምኩትም።»

ስለዚያ ሰው ከዚያ በኋላ አንስተውልኝ አያውቁም።

ጡረታ ከወጡ በኋላም እሑዳቸውን አልተዉም። እኔ አገባሁ፣ ልጅ ወለድኩ፤ አልፎ አልፎ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። አንድ ጊዜ የመኪናዋ የቀኝ ጎን ተፍቆ አየሁ። «የግቢው በር ጠቦ ነው» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ማኪያቶውን ሊቀበሉ እጃቸውን ዘርግተው ከብርጭቆው አጠገብ አየሩን ያዙ። አስተናጋጁ ብርጭቆውን እጃቸው ውስጥ አስገባላቸው። ዓይናቸው ከዳር ከዳር እየጨለመ መጥቶ ነበር፤ ሐኪም የዓይን ግፊት ነው ብሏቸው ነበር። ያኔ ለማንም አልነገሩም፤ እኔም የሰማሁት በኋላ ነው።

አንድ እሑድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«ዳንኤል፣ መኪናዋ ኡራኤል ናት። ሂድና አምጣልኝ።»

«ምን ሆና?»

«ደህና ናት። እኔ ቤቴ ገብቻለሁ።»

ስደርስ መኪናዋ ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት፣ መንገዱ መሐል ላይ ቆማለች። ቁልፉ መሪው ላይ ነው። ከኋላዋ የተሰለፈው መኪና ጥሩንባውን ያቀልጠዋል፤ ትራፊክ ፖሊሱ ባለቤቷን ይፈልጋል። ከቆሙት አንዱ የሆነውን ነገረኝ። አንዲት እናት ከቅዳሴ ወጥተው መንገድ ሲሻገሩ መኪናዋ ሲጢጥ ብላ ነጠላቸው ጋ ስትደርስ ቆመች። ሴትዮዋን አልነካቻቸውም። ሾፌሯ ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ፣ እናትየውን ጫማቸው ላይ ወድቀው ይቅርታ ጠየቁና በእግራቸው ሄዱ።

ቤታቸው ስደርስ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቁልፉን ላቀብላቸው ብል አልተቀበሉኝም።

«ነጠላዋን አየሁት» አሉ። «ሰው ያለበት አልመሰለኝም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ መሪ አልጨበጡም። ለተወሰነ ጊዜ እኔ እየነዳሁ ይዣቸው እወጣ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ሞተሩን ያዳምጣሉ፤ «አሁን» ሲሉ ማርሽ እቀይራለሁ። በኋላ መሥሪያ ቤቴ ወደ ሐዋሳ አዛወረኝ። ልነግራቸው ስሄድ ደስ አላቸው፤ «ልጆች በሐይቅ አጠገብ ሲያድጉ ጥሩ ነው» አሉ። እስከ ግቢው በር ሸኙኝ፤ መኪናዋን በሸራ ሸፍነዋት ነበር።

ሐዋሳ ሳለሁ የሰፈራቸው ቤቶች ለልማት እንደሚፈርሱ ተነገራቸው። ሰንጋ ተራ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትንሽ ቤት ተከራዩ። መኪናዋን ሸጡ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው እዚያ ነው። ለሥራ አዲስ አበባ መጥቼ በታክሲ ሄድኩ። በሩን ሳንኳኳ «ማን ነው?» ሳይሉ ከፈቱ። ከድምፄ ለይተው አቀፉኝ። ቤቱ ውስጥ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር ነበር፤ ወንበሩን ለእኔ ሰጡና አልጋው ላይ ተቀመጡ። ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነበር የሚለዩት።

«ማን ገዛት?» አልኳቸው።

«አንድ ሰው። ስሙን ነግሮኝ ነበር። ደህና አድርጎ አስነሳት። ሁለተኛው ማርሽ ላይ ግን ቸኮለ።»

ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፤ ስማቸውን ሁሉ ያስታውሳሉ። ንጉሤ መጥቶ እንደሁ ስጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰናይት አንዳንዴ ስልክ ትደውላለች» አሉ። «ሦስት ልጅ አላት። ሥራ ይበዛባታል።» ከዚያ ወሬ አለቀብንና ከታች የሚያልፈውን መኪና ሰማን። ልሄድ ስነሳ፣ «ቆይ ልሸኝህ» አሉ።

«ደረጃው ይከብድዎታል፣ ወይዘሪት ጽጌ።»

«ልሸኝህ አልኩ እኮ።»

የደረጃውን ብረት ይዘው በዝግታ ወረዱ። አስፋልቱ ድረስ ክንዴን ይዘው መጡና ቆምን። ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር፤ ከሥራ የሚወጣ ሰው ይተላለፋል። ታክሲ መጣና ተሰናብቻቸው ገባሁ። ታክሲው ሲንቀሳቀስ በመስኮት ዞሬ አየኋቸው። ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው እያውለበለቡ ነው። የሚያውለበልቡት ግን ከኋላችን ለቆመው ሌላ ታክሲ ነበር። ያኛውም ሄደ። እጃቸው አልወረደም።

«ወራጅ አለ!» አልኩ።

ረዳቱ እያጉረመረመ አወረደኝ። ተመልሼ አጠገባቸው ስቆም ዘወር አሉ።

«ምነው? ምን ረሳህ?»

«ምንም። ተሳስቼ ነው፣ የሌላ መስመር ታክሲ ነው።»

«እንግዲያው ሌላ እስኪመጣ አብሬህ ልቁም።»

ቆምን። እጃቸውን ክንዴ ውስጥ መልሰው አስገቡ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ታክሲ መጥቶ ፊታችን ቆመ፤ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «ስታዲየም፣ ካዛንቺስ! ግቡ፣ ባዶ ነው! ግቡ!» እያለ ይጮኻል። ወይዘሪት ጽጌ ጆሯቸውን ወደ ድምፁ ዘንበል አድርገው አዳመጡት።

«ይኼ ሙሉ ነው አይደል?» አሉኝ።

«ሙሉ ነው፣ ወይዘሪት ጽጌ» አልኳቸው።